ማይ ወይስ ማይ?

መርካቶ ውስጥ የተማሪ ጫማ መሸጥ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ዕቃዬ የሚመጣው ከቻይና፣ ከጓንዡ ነው። እንዲያም ሆኖ እስከ 46 ዓመቴ ድረስ ከቻይንኛ የማውቀው «ኒ ሃኦ»ን ብቻ ነበር። እርሷንም የተማርኳት የሰፈራችን መንገድ ሲሠራ ሕፃናት መሐንዲሶቹን እየተከተሉ ሲጮኹባቸው ሰምቼ ነው። ጓንዡ በሄድኩ ቁጥር የሚያስተረጉምልኝ እዚያው የሚማር የዘመድ ልጅ አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጨዋም ነው። የቀን ሒሳቡ ግን በየዓመቱ ከጫማው ዋጋ ቀድሞ ይጨምራል። አምና «ጋሼ፣ እዚህም ኑሮ ተወዷል» ሲለኝ በልቤ ማልኩ። ቋንቋውን ራሴ እማረዋለሁ!

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ትምህርት አገኘሁ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጠው የ24 ዓመት ወጣት ነው። አስተማሪያችን አማርኛ የምትሞክር ቻይናዊት ናት፤ «አንተ»ና «አንቺ» ብቻ ይምታቱባታል። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ማ» የሚል ድምፅ ጻፈችና አራት ጊዜ አነበበችው። እኔ የሰማሁት አንዱን «ማ» አራት ጊዜ ነው። ለካስ የመጀመሪያዋ እናት፣ ሁለተኛዋ ቃጫ፣ ሦስተኛዋ ፈረስ፣ አራተኛዋ መሳደብ ኖራለች።

ደግነቱ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ዜማ እስከ መማር ባልደርስም፣ ደብተራዎቹ ከፊደሉ አናት ላይ የሚያኖሯቸውን ምልክቶች አይቻለሁ፤ የአንዳንዶቹንም ስም አውቃለሁ። ቻይንኛም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከአናባቢው በላይ ምልክት ይደረግበታል። አጻጻፉን ፒንዪን ይሉታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 የጸደቀ ነው። አንዱ ምልክት ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ወርዶ ይነሣል፣ አንዱ ቁልቁል ይወርዳል። ይህማ የቅዱስ ያሬድ አገር ሰው ሊቸግረው አይገባም ብዬ ላቲኑን ትቼ ሁሉንም በራሳችን ፊደል መመዝገብ ጀመርኩ። ለሚወጣው ድምፅ «ቅናት»፣ ለሚወርደው «ድፋት» የሚል ስም ሰጠሁ። የተራቀቅሁ መሰለኝ።

የማጠናው ሱቅ ዘግቼ፣ ራቴን በልቼ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ማ! ማ? ማኣ? ማ!» እላለሁ። ባለቤቴ ለምዳዋለች፤ ትራሷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትተኛለች። ግድግዳችን ግን ስስ ነው። በሦስተኛው ሌሊት በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያ የመሰለች ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፣ «ሰይጣን ነው፣ ስማኝ። ሚስትህን እኔ አውቃታለሁ፣ እንደ ወርቅ የነጠረች ሴት ናት። ሌሊቱን ሙሉ ማ? ማ? እያልክ የምታፋጥጣት ማንን አይተህባት ነው?»

ባለቤቴ ሳቋን መዋጥ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። እትዬ ግን ያለቀሰች መሰላቸውና ፊታቸው ይበልጥ ከፋ። ቋንቋ እየተማርኩ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ። በመጨረሻ ደብተሬን አምጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከጡታቸው ሥር ፈልገው አወጡና ገጹን አነበቡ። ከላይ በትልቁ «ማ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ቅናት»።

«ይኸው!» አሉ ደብተሩን ለባለቤቴ እያሳዩ። «በገዛ እጁ ጽፎታል!»

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደ ንግዱ ቃላት ደረስኩ። መግዛት «ማይ» ነው። መሸጥም «ማይ» ነው። በፊደላችን ስጽፋቸው ልዩነት የላቸውም፤ ልክ በዓሉ ገናና «ገና ነው» የምንለው ገና ወረቀት ላይ አንድ እንደሚሆኑት። ልዩነቱ የመግዣው ድምፅ ወርዶ ሲነሣ የመሸጫው ቁልቁል መውረዱ ብቻ ነው። ማይ በግዕዝ ውሃ ስለሆነ በውሃ ያዝኩት። ባልዲ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲነሣ ውሃ ታገኛለህ፤ ይህ መግዛት ነው። ባልዲው ሲደፋ ውሃው ይሄዳል፤ ይህ መሸጥ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሰማሁ አይመስለኝም። ሰው ግን ሲናደድ ስለ ባልዲ አያስብም።

አስተማሪዬ ይህን አስቀድማ አይታው ነበር። «ጋሼ፣ አንቺ ስትቆጪ ሁሉም ቃል አራተኛ ድምፅ ይሆናል። አንቺ ስትፈሪ ሁሉም ሁለተኛ ይሆናል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ስንቆጣ ድምፃችንን እንደፋለን፣ ስንጠራጠር እናነሣለን፤ ቃሉ ያው ቃል ነው። እነርሱ ዘንድ ግን ቃሉ ራሱ ይለወጣል። «አንቺ» ማለቷን አላረምኩም፤ እኔም ምን እያልኳት እንደከረምኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ሌላው ፈተናዬ «ሺ» ነበረች። አስተማሪ «ላኦሺ» ነው። «ነው» ለማለት «ሺ» ይባላል። አሥር ቁጥርም «ሺ» ነው። ድምፃቸው ይለያያል ይባላል እንጂ ለነጋዴ ጆሮ ሺ ምንጊዜም ሺ ነው። አንዱ «ሺ» ባለ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር።

ከሰባት ወር በኋላ ሌሊቱን በርሬ ጓንዡ ገባሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደው ትልቁ የንግድ ትርኢት ሰሞን ስለነበር የሆቴል ዋጋ እሳት ሆኗል። አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት በሺያኦቤይ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ያዝኩ። አሳንሰሩ ከ3 ዘሎ 5 ይላል፤ አራት ከ«ሞት» ጋር ስለሚመሳሰልባቸው ይሸሹታል። ይህንን በማወቄ ራሱ ኩራት ተሰማኝ። ለዘመዴ ልጅ ደውዬ ዘንድሮ እንደማልፈልገው ነገርኩት። ዝም አለና «እሺ ጋሼ፣ ካልኩሌተር ግን ይያዙ» አለኝ። እዚያ ገበያ ሻጭና ገዢ የሚግባቡት በካልኩሌተር ነው፤ አንዱ ቁጥር ጽፎ ያሳያል፣ ሌላው ሰርዞ የራሱን ይጽፋል፣ ማንም አፉን አይከፍትም። እኔ ሰባት ወር የተማርኩት አፌን ልዘጋ ነው እንዴ? ሆን ብዬ አልጋው ላይ ትቼው ወጣሁ።

በባቡር ጣቢያው አካባቢ ካሉት የጫማ ጅምላ ገበያዎች ወደ አንዱ ገባሁ። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት የአንድ እግሩ ብቻ ለናሙና ተሰቅሏል። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ ሻይዋን በክዳን ኩባያ እየጠጣች ተቀምጣለች። መደርደሪያዋ ላይ የምፈልገውን ጥቁር የተማሪ ጫማ አየሁ። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን በመርካቶ ደንብ አጠቆርኩ። ገዢ መጓጓቱን ማሳየት የለበትም። ደረቴን ነፋሁና በወፍራም ድምፅ «ዎ ያኦ ማይ ሺየ!» አልኳት። ጫማ መግዛት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው። ኮስተር ስል ባልዲው እንደተደፋ አላወቅሁም።

ሴትዮዋ ኩባያዋን አስቀመጠች። እጆቼን አየች፤ ባዶ ናቸው። ከዚያ ቁልቁል እግሬን አየች። ያደረግሁት ሸራ ተራ የተሰፋ ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው። በጣቷ እያመለከተች «ይህን?» አለች። እንደዚህ ዓይነት ጠንካራ ጫማ ነው የምትፈልገው ማለቷ መሰለኝና «ሺ፣ ሺ!» አልኩ። ነው፣ ነው።

«ዱኦ ሻኦ ጪየን?» አለችኝ። ስንት ነው? ይህችን ዓረፍተ ነገር አሳምሬ አውቃታለሁ፤ ግን የእኔ ነበረች! በ20 ዓመት የንግድ ሕይወቴ ሻጭ ዋጋ ጠይቆኝ አያውቅም። ምናልባት የአገሩ ወግ ይሆናል፣ ገዢ ይጀምር ማለታቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መደርደሪያው ላይ ያለው ጫማ ቢያንስ 40 ዩዋን ያወጣል። ግማሹን ጠራሁ። «አር ሺ!» ሃያ።

ዓይኗ በራ። በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝና ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማዬን ከእግሬ አወለቀችው። ልትለካኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ተቀድዷል፤ ባለቤቴ ከቤት ስወጣ ነግራኝ ነበር። ሴትዮዋ ጫማውን ገለበጠችው። ሶሉን ለመጠችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተነችው፣ ቆዳውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ ለዚያ ቀን ላበቴ ምሕረት አላደረገችም። ከዚያ የጎረቤቱን ባለ ሱቅ ጠርታ «ጀን ፒ፣ ጀን ፒ» አለችው። እውነተኛ ቆዳ ማለቷ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰውየውም አሸተተ።

ወደ እኔ ዞረችና «ሃኦ፣ አር ሺ» አለች። ተስማምታለች።

የመርካቶ ሰው እዚህ ላይ ያለውን ችግር ያውቀዋል። ሻጭ በመጀመሪያው ጥሪ ከተስማማ ተበልተሃል ማለት ነው። ደሜ ፈላ። «ታይ ጉዪ ለ!» ብዬ ጮኽኩ። በጣም ውድ ነው! «ሺ ኳይ!» አሥር ዩዋን!

ሴትዮዋና ሰውየው ተያዩ። ከወዲያኛው ሱቅ ሁለት ሰዎች መጡ። ሴትዮዋ በጥንቃቄ፣ ሕመምተኛ እንደምታናግር ሁሉ፣ «ሲ?» አለችኝ። የዘመዴ ልጅ ቆይቶ እንዳስረዳኝ ጓንዡ ደቡብ ነው፤ ሰዉ እርስ በርሱ ካንቶንኛ ይናገራል፣ ማንዳሪን፣ ማለትም እኔ የተማርኩትን ቻይንኛ፣ ሲናገርም ብዙው «ሺ»ን «ሲ» ያደርገዋል። እርሷ «አሥር?» ብላ መጠየቋ ነበር። እኔ የተማርኩት «ሲ» ግን አራት ነው። ጌታዬ ሆይ፣ ሴትዮዋ በራሷ ፈቃድ ወደ አራት ወረደች! ከበርጩማዬ ተነሥቼ፣ አራት ጣቶቼን ዘርግቼ «ሃኦ! ሲ! ሲ!» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም በትሕትና እጅ ነሣሁ።

ሴትዮዋ መሳቢያዋን ከፍታ አራት የአንድ ዩዋን ኖቶች ቆጠረችና መዳፌ ላይ አኖረቻቸው። ግራ ገባኝ፤ የመልስ ብር ነው እንዳልል ገና ምንም አልከፈልኩም። የግራ ጫማዬንም አወለቀችኝና ከጠረጴዛው ሥር ከተተችው። የቀኙን ይዛ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ ሁለት የሕፃን ሰንደል ገፋ አድርጋ መሐላቸው ሰቀለችው።

በተቀደደ ካልሲዬ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ።

የዘመዴ ልጅ በግማሽ ሰዓት ደረሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋ ሻይ እየቀዳችልኝ ቆየሁ፤ በደሏን ለመናገር ቃል ስላልነበረኝ ጠጣሁ። ልጁ ከእርሷ ጋር ረዘም አድርጎ ተነጋገረ። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ሸጠዋል።»

«እኔ? ለማን?»

«ለእርሳቸው። በ20 ዩዋን ተስማምተው ነበር። ከዚያ በጣም ውድ ነው ብለው የጮኹት፣ ዋጋውን ያወረዱት እርስዎ ነዎት ይላሉ። 20 ዓመት ሲነግዱ እንደዚህ ያለ ሻጭ አይተው አያውቁም።»

ጫማዬ በሰላም ተመለሰልኝ፤ አራቱንም ዩዋን መለስኩ። የተማሪውን ጫማ በካልኩሌተር፣ አንዳችም ቃል ሳንተነፍስ፣ በ38 ዩዋን ተዋዋልን። ለልጁ የቀን ሒሳቡን ከፈልኩ፤ የመጣው ከፈተና አቋርጦ ስለነበር ትንሽ ጨመር አድርጌ። ሴትዮዋ የሸራ ተራውን ጫማ ግን ከልቧ ወድዳው ኖሮ የሰፋው ማን እንደሆነ፣ በጅምላ ስንት እንደሚሸጥ በልጁ በኩል ደጋግማ ጠየቀች። ቁጥሩን እኔ እንዳልናገር ልጁ በዓይኑ ከለከለኝ።

ከሱቁ ስንወጣ ሴትዮዋ እስከ ደጃፉ ሸኘችንና በስተኋላዬ ጮክ ብላ «ማን ዞው!» አለች።

ዞር ብዬ «እኔ ነኛ!» አልኳት።

«ጋሼ፣» አለ ልጁ ክንዴን ይዞ እየጎተተኝ፣ «የእንግዳ መሸኛ ነው። በዝግታ ይሂዱ ነው የሚሉዎት።»

ቁልቁል አየሁ። የሁለቱም ጫማ ማሰሪያ አልታሰረም።