የአባባ ነጭ አህያ

እኛ ቤት አንድ ሰው ጉራ ሲያበዛ «ይቺስ የአባባ ነጭ አህያ ናት» ይባላል። አባባ የአያቴ አባት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ጣሊያኖች ካፈሷቸው ሰዎች አንዱ ነበር። መኳንንት አልነበረም፤ እጅ ጽሑፉ ያማረ ጸሐፊ ነበር። አዚናራ ወደምትባል የሰርዴኛ ደሴት አጋዙት። ከተመለሰ በኋላ ስለ ግዞቱ ለልጆቹ የነገራቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሌሊቱን እንደ ሰው የሚያወራ ነፋስ፣ እና ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነ ነጭ አህዮች። ልጆቹም ሳቁበት።

ሮም መኖር ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። «በሚቀጥለው ክረምት እሄዳለሁ» እያልኩ ከረምኩ። ባለፈው መስከረም ግን ቆረጥኩና ከቺቪታቬኪያ የሌሊት መርከብ ተሳፈርኩ። ስለ መርከቡ የምለው የለኝም፤ ተኛሁ፣ ስነቃ ፖርቶ ቶሬስ ነበርኩ።

ያደርኩት ስቲንቲኖ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። አደርኩ ማለት ይቻል እንደሆን እንጃ። ማኤስትራሌ የሚሉት ነፋስ ተነሥቶ የመስኮቱን መዝጊያ ሲያንጓጓው አመሸ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥቼ በነጠላዬ ጠፍሬ አሰርኩት። ያኔ ደግሞ በቀዳዳ እየገባ ማንሾካሾክ ጀመረ። በጨለማ ውስጥ «አባባ፣ አንዱስ እውነትህን ነው» አልኩ።

ጠዋት ደግሞ ሌላ ጉድ። በ70 ዩሮ ተስማምተን ሳለ የቤቱ ባለቤት «ለጽዳት» ብላ 25 ጨመረችብኝ። መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ግን አላየኋትም። አዲስ አበባ ቢሆን ስከራከር አረፍድ ነበር። ጀልባው እንዳያመልጠኝ ብዬ ከፈልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጀልባው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ዳቦና የበግ አይብ ቆርሰው ሰጡኝ። አይቡ ጨው ብቻ ነው፤ ግን እንደ እናት ቆመው ያጎርሳሉ፣ እምቢ አይባልም። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። እንደ አውሮፓውያን በ1885 መንግሥት ደሴቷን የእስረኞች ሰፈር ሊያደርግ ነዋሪዎቹን አስወጥቶ ነበር። ስቲንቲኖን የቆረቆሩት እነዚያ ተፈናቃዮች ናቸው፤ የእሳቸውም ቅድመ አያቶች ከመካከላቸው ነበሩ። «ልጄ፣ እኛን አስወጥተው እናንተን አስገቡ» አሉኝ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ደረስን።

እስር ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ደሴቷ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ናት። በጂፕ ያዞሩናል። አስጎብኚያችን ስለ ማፍያ አውርቶ አይጠግብም። አንዱ ታሪኩ ግን አስቆኛል። እንደ አውሮፓውያን በ1985 ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ የሚባሉት ዳኞች ለሕይወታቸው ስለተሰጋ እዚህ ተደብቀው የማፍያውን ክስ ሲያዘጋጁ ሰነበቱ። በኋላ መንግሥት ለማደሪያና ለምግብ ክፈሉ አላቸው! የኔ 25 ዩሮ ትንሽ ቀለለችኝ።

ስለ እኛ ሰዎች ሲደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «የኢትዮጵያ ልዑላን እዚህ ታስረው ነበር።» እውነት ነው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቿ ጋር እዚህ ታግዛ ነበር፤ በኋላ ቶሪኖ ተወስዳ እንደ አውሮፓውያን በ1940 እዚያው አረፈች። ግን ደሜ ፈላ። «ጸሐፊዎችም ነበሩ» አልኩ። አንገቱን ነቀነቀና ወደ ማፍያው ተመለሰ።

ካላ ሬአሌ ላይ ጂፑ ቆመ። ግድግዳ ጥላ ሥር ሦስት አህዮች ቆመዋል። ወተት የመሰሉ ነጭ። መጀመሪያ ኖራ የተቀቡ መስሎኝ ነበር። ፀሐይ አይወዱም፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ነው የሚያዩት። የአንዷ አፍንጫ እንደ ሕፃን ተረከዝ ሮዝ ነው፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ። ቦርሳዬን አሸተተች፤ የሽማግሌው አይብ ይሆናል።

ኔትወርኩ እንደምንም ሠራልኝና ለአያቴ ቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ታያለች።

«ዓይኑን አሳዪኝ» አለች።

አስጠጋሁላት። አህያዋ ዓይኗን ገለጠች፤ ውሃ የበዛበት ሰማያዊ። አያቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ አክስቴን ስትጣራ ሰማኋት፦

«ነይማ! ኧረ ነይ ቶሎ፣ እውነትም ነጭ ነው!»