አባ ጎርጎርዮስን የጋበዘው መስፍን

ስለ ጀርመናዊው የግዕዝና የአማርኛ ሊቅ ስለ ኢዮብ ሉዶልፍ የጻፈ ሁሉ ኢትዮጵያዊውን ካህን አባ ጎርጎርዮስን ያነሳል። ሁለቱን አንድ ግቢ ውስጥ ያገናኛቸው ሰው ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። «የጎታው መስፍን» ይባላል፣ በቃ፤ ጎታ ጀርመን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ይሄ ሁሌም ይቆረቁረኛል። ሰውየው ኧርንስት ነው፤ ጀርመኖች «እግዚአብሔርን ፈሪው» የሚሉት። ዛሬ ስለ እሱ ልጻፍ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1601 በገና ዕለት፣ አልተንቡርግ ነው። አባቱ የዛክሰን-ቫይማር መስፍን ነበር፤ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ያሳደገችው እናቱ ዶሮቴያ ማሪያ ናት። ይህች ሴት ቮልፍጋንግ ራትከ የሚባለውን የትምህርት ለውጥ አራማጅ ስትደግፍ የኖረች ናት። ለእኔ የኧርንስት ታሪክ እዚህ ጋ ይጀምራል። እሷም በ1617 አረፈች።

በዓመቱ በአውሮፓ የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ተነሳ። ወንድሞቹ ዘመቱ። ፍሬድሪክ በ1622 ፍሎሩስ ላይ ወደቀ። ዮሐን ኧርንስት በ1626 በዘመቻ ላይ እያለ ሞተ። ኧርንስት ራሱ በ1631 ከስዊድኑ ንጉሥ ከጉስታቭ አዶልፍ ጎን ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ ንጉሡ በተገደለበት በሉትሰን ጦርነት ላይም ነበረ። ስመ ጥሩው ጄኔራል ታናሽ ወንድሙ በርንሃርድ ነው። ኧርንስት ግን ከ1635ቱ የፕራግ የሰላም ስምምነት በኋላ ሰይፉን አስቀመጠ። በ1636 ኤሊዛቤት ዞፊን አገባ፤ 18 ልጆች ወለዱ።

በ1640 የቀሩት ወንድማማቾች ግዛቱን ሲካፈሉ ጎታ ደረሰው። የደረሰው ጦርነት ያደቀቀው አገር ነው። ወታደር የተመላለሰበት፣ ሕዝቡ የተበተነበት። ታዲያ ምን አደረገ? በ1643 ግንባታ ጀመረ። ጦርነቱ ሊያበቃ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። በ1567 በፈረሰ ምሽግ ፍርስራሽ ላይ ትልቅ ቤተ መንግሥት አቆመና ፍሪደንሽታይን አለው፤ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። በዋናው በር ላይ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች አምሳል ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል። ከመዝሙረ ዳዊት የመጣ ነው። አብሮ የተጻፈው ቃል «ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል» ይላል። ወንድሞቹን በጦርነት የቀበረ ሰው ይህን በሩ ላይ ሲጽፍ የምር ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቅለት ግን ትምህርት ቤቶቹን ነው። አንድሬያስ ራየር የሚባል መምህር አመጣ። በ1642 ዝርዝር የትምህርት ሥርዓት አሳተሙ። ልጆች በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የገበሬውም ልጅ ጭምር፣ ከአምስት ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። ልጁን ያስቀረ ወላጅ ይቀጣል። ንባብ፣ ጽሑፍ፣ ሒሳብና ሃይማኖት፣ በኋላም ስለ ተፈጥሮ ነገሮች የሚያስተምር መጽሐፍ ተጨመረ። የኧርንስት ገበሬዎች ከሌላ አገር መኳንንት ይልቅ የተማሩ ናቸው ይባል ነበር። ይህን ያደረገው አውሮፓ በደም በምትታጠብበት ሰዓት ነው።

እርግጥ በእሱ ግዛት መኖር ቀላል አልነበረም። ቀሳውስቱ፣ መምህራኑ፣ ምእመኑ ሁሉ ይመረመራል። ትልቅ ሰው ሳይቀር ሃይማኖቱን ማወቅ አለማወቁ ይጠየቃል። እኔ እንዲህ ያለውን ቁጥጥር አልወድም። ግን የማወቅ ፍላጎቱ ከዚሁ ጠባዩ የመጣ ይመስለኛል። ሁሉን ማወቅ፣ ሁሉን መመዝገብ ይፈልግ ነበር።

ስለዚህ ሉዶልፍ በ1652 ጎታ ገብቶ ሲያገለግል፣ ቀጥሎ የሆነው አይገርመኝም። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሯል። በ1649 ደግሞ ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አግኝቷል፤ የመካነ ሥላሴውን ሰው፣ የአማራውን። አባ ዐፄ ፋሲል ካቶሊኮችን ባስወጡ ጊዜ ከአገር የወጡ ስደተኛ ናቸው። ኧርንስት ይህን ሲሰማ ጋበዛቸው። አጥባቂ ሉተራዊ መስፍን፣ ከካቶሊኮች ጋር የተሰደዱ ካህን! በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባም የአልፕስን ተራራ አቋርጠው መጡ።

የ1652 ዓመት የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወራት በፍሪደንሽታይን ስለ ኢትዮጵያ ሲጠየቅና ሲመለስ ከረመ። የ50 ዓመቱ መስፍንና ሹማምንቱ ይጠይቃሉ፣ አባ ይመልሳሉ፣ የ28 ዓመቱ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፣ ይጽፋልም። ስለ እምነቱ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩ። በእኔ እምነት ይህ ጉባኤ ከየትኛውም የኧርንስት ዘመቻ ይበልጣል። ከዚያ አባ ጎርጎርዮስ ተመለሱ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲጓዙ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በእስክንድሩን ወደብ አካባቢ መርከባቸው ሰጥማ አረፉ። አገራቸውን ሳያዩ መቅረታቸውን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

መስፍኑ ግን ኢትዮጵያን አልተዋትም። በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን የሚባል ወጣት ላከ። ወጣቱ ግብጽ ደርሶ ተመለሰ፤ ኢትዮጵያን አላያትም። ጎታም አልተመለሰም፤ ጣሊያን ሄዶ ካቶሊክ ሆነ። በኋላ ለፈረንሳይ የብራና መጻሕፍት ሲገዛ ኖረ። ለኧርንስት ይህ ከባድ ቁስል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በ1672 አልተንቡርግ በውርስ ተጨመረለት። በ1674 ሥልጣኑን ለልጁ ለፍሬድሪክ አስረከበ፤ በመጋቢት 1675 አረፈ። የተቀበረው ጎታ፣ በማርጋሬተን ቤተ ክርስቲያን ነው። አገሩን ሰባት ወንዶች ልጆቹ በ1680 ተከፋፈሉት። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ አልበርትም ከእነዚህ ልጆች ከአንዱ ይወለዳሉ።

ሉዶልፍ ግን ከጎታ የወሰደውን ይዞ ቀጠለ። የኢትዮጵያ ታሪኩን በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1698 ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ያኔ አባ ጎርጎርዮስ ካረፉ 40፣ ኧርንስት ከሞተ 23 ዓመት ሆኖ ነበር።