ካያኬ የሻገተበት ክረምት

ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ በንፋስ የሚነፋ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ፣ ይዞልኝ መጣ። የምቀዝፍበት የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ላይ እጭነዋለሁ፤ ማታ ጠቅልዬ እመለሳለሁ። እርጥብ ነው ስለው ጓደኛዬ «አብሽር፣ ቤት ይደርቃል» ይለኛል። ቤት አልደረቀም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ላዩን በፎጣ ወለወልኩና ከላይፍ ጃኬቱ (ውሃ ላይ ከሚያንሳፍፈው ሰደርያ) ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ አልጋ ስር ገፋሁት። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ሳያንኳኳ ነው ቤት የሚገባው። መስከረም ላይ ማዳበሪያውን ስፈታ መጀመሪያ ሽታው ወጣ። የጃኬቱ አንገት ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። የካያኩን ልባስ ዚፕ ስከፍትማ፣ በልባሱና በንፋስ ከረጢቱ መሀል ውሃ አለ! ከሁለት ወር በላይ፣ ከነአሸዋው፣ ከነቄጠማው።

እናቴ በር ላይ ቆማ አየችና «አንተ ልጅ፣ እንጀራ ሳይበርድ ሞሶብ ይከደናል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትኩስ እንጀራ ሲከደን ያልበዋል፤ ያላበው ይሻግታል።

ደጅ አውጥቼ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጠብኩት። ከዚያ ነጭ አቸቶ በውሃ እኩል በጥብጬ ቀባሁና ግማሽ ሰዓት ቆይቼ በለስላሳ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ጎረቤቴ በረኪና ይዛልኝ መጣች፤ አመስግኜ መለስኩላት። በረኪና ጨርቁንና ስፌቱን ይበላል። ከአቸቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሽታው ጠፋ፤ የአንገቱ ጥቁር ነጠብጣብ ግን እስከዛሬ አለቀቀም።

አሁን ከረጢቶቹን እዚያው ውሃው ዳር ከልባሳቸው አወጣለሁ። የማሰጣው ጥላና ነፋስ ባለበት ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ያደርቃል፣ ግን ፕላስቲኩን ያሰነጥቀዋል። አስቸጋሪው ላይፍ ጃኬቱ ነው። ውጪው ደርቋል ብዬ ትከሻውን ጨመቅ ሳደርገው ጠብ ይላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ተሰቅሎ ይቆያል። በአፍ መንፋትም ትቻለሁ። ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ከገባ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። የእግር መንፊያ ገዛሁ።

ማዳበሪያው ቀርቷል። ካያኩን ላላ አድርጌ ጠቅልዬ፣ የንፋስ መግቢያውን ቫልቭ ከፍቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክረምት ሲሆን በየ15 ቀኑ ሳሎን እዘረጋዋለሁ። እናቴ የቡናውን ረከቦት ይዛ ዙሪያውን እየዞረች «ዛሬም እንግዳህ መጣ?» ትለኛለች።