ሽልማቱ የሚበላሸው ሮስተሩ ላይ ነው

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የዝግጅት ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለድንኳን፣ ለድምፅ ማጉያና ለክብር እንግዳ ነው። ሦስቱም ቢጓደሉ በዓሉ እንደምንም ይከበራል። አንዲት ተማሪ ሁለተኛ ወጥታ ሦስተኛ ተብላ ከተጠራች ግን እናቷ ካርዱን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች፤ እውነትም አላት። ስለዚህ የመድረኩን ጌጥ ለጊዜው እንተወውና የክፍሉ ውጤት ሁሉ ከሚጠቃለልበት ሰንጠረዥ፣ ከሮስተሩ እንነሳ።

የአንድ ተማሪ ውጤት መድረክ ላይ እስኪነበብ ድረስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፦ ከፈተና ወረቀት ወደ መምህሩ ማርክ ሊስት፣ ከማርክ ሊስት ወደ ክፍል ኃላፊው ሮስተር፣ ከሮስተር ወደ ካርድና ወደ ተሸላሚዎች ዝርዝር። 68 የነበረው 86 ሆኖ የሚገኘው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ የከፋው ግን የረድፍ መንሸራተት ነው። በዓመቱ አጋማሽ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ በአንዱ መምህር ማርክ ሊስት ላይ ስሙ አለ፤ ሮስተሩ ላይ ተሰርዟል። ገልባጩ ቁጥሩን ብቻ እያየ ከወረደ፣ ከዚያ ስም በታች ያሉት ሁሉ የጎረቤታቸውን ውጤት ይወስዳሉ። በዓይን አይታይም፤ ሁሉም ሳጥን ሞልቷልና።

መፍትሔው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የመላው ክፍል ድምር ማርክ ሊስቱ ላይ ይደመር፤ ሮስተሩ ላይም ይደመር። ያቋረጠው ተማሪ ተቀንሶ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ ስህተት አለ ማለት ነው። ቢገናኙም አይበቃም፤ ሁለት ተማሪዎች ውጤት ቢለዋወጡ ድምሩ አይናወጥም። ስለዚህ በደረጃ የመጀመሪያዎቹን አሥር ተማሪዎች ውጤት አንድ መምህር ከማርክ ሊስቱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ሮስተሩን በእርሳስ ይከተል። በ12 የትምህርት ዓይነት 120 ቁጥር ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ተማሪው ራሱ ይየው። ከሽልማቱ ሦስት ቀን በፊት እያንዳንዱ ውጤቱን አይቶ ከፈረመ፣ ቅሬታው በክፍል ውስጥ ያልቃል እንጂ ድንኳን ውስጥ አይነሳም።

በኤክሴል የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ከዚህ ጣጣ የዳኑ ይመስላቸዋል። የራሱ ወጥመድ አለው። ደረጃ በሚያወጣው ራንክ በሚለው ፎርሙላ ላይ የክልሉ (የሚወዳደሩት ውጤቶች ያሉበት ሳጥኖች) መነሻና መድረሻ በዶላር ምልክት ካልታሰረ፣ ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት ክልሉም አብሮ ይወርዳል፤ ውጤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት "1ኛ" መገኘት ነው። ሌላው፣ አማካዩ ያለበትን አምድ ብቻ መርጦ ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር ነው፤ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል፣ ስሙ እዚያው ይቀራል። ከመደርደር በፊት ሙሉው ሰንጠረዥ ይመረጥ፤ ቅጂም ይቀመጥ።

ደረጃን በተጠጋጋ አማካይ ማውጣትም ብዙ ጠብ ያመጣል። 12 የትምህርት ዓይነት ባለበት ክፍል አንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር 1043፣ በሁለተኛው 1067 አመጣ እንበል፤ ድምሩ 2110። ሌላዋ 1050 እና 1061፤ ድምሯ 2111። የክፍል ኃላፊው የየሴሚስተሩን አማካይ ወደ ሙሉ ቁጥር ካጠጋጋ፣ እሱ 87 እና 89፣ እሷ 88 እና 88 ይሆናሉ፤ ሁለቱም 88፣ እኩል። በእውነቱ ግን አማካያቸው 87.92 እና 87.96 ነው፤ እሷ ትበልጣለች። ደረጃ በድምር ይውጣ፣ አማካይ ለካርዱ ብቻ ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ይጻፍ። ድምሩ ራሱ እኩል ከሆነ ሁለቱም ደረጃውን ይያዙ፤ 1፣ 2፣ 2፣ 4 ተብሎ ይዘለል። በዕጣ መለየት፣ ወይም "የሒሳብ ውጤቱ ይታይ" ብሎ በዓመቱ መጨረሻ ሕግ መፍጠር አያዋጣም። የሚያስፈልገው አራትና አምስት ትርፍ ሽልማት መግዛት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፦ ማን ይሸለም? ከ60 ተማሪ ሦስቱን ብቻ መጥራት የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያው ሦስት ልጆች ናቸው። ሌሎቹ 57 ለጭብጨባ የመጡ ናቸው። ለዚህ ሲባል "የተሻሻለ ተማሪ" የሚል ሽልማት ይጨመራል፤ ሐሳቡ መልካም፣ አሠራሩ ግን ደካማ ነው። በነጥብ ልዩነት ብቻ ከታየ ከ84 ወደ 90 የወጣችው ከ48 ወደ 63 ከወጣው ጋር ልትወዳደር አትችልም፤ ከላይ መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር አማካይ ተማሪዎቹን በሦስት መክፈል ይሻላል፦ ከ60 በታች፣ ከ60 እስከ 75፣ ከ75 በላይ። በየክፍል ደረጃው ከእያንዳንዱ ምድብ አንድ ብልጫ ያሳየ ይሸለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ታሞ ሁለት ፈተና ያልወሰደ ተማሪ፣ ሮስተሩ ላይ ሁለት ዜሮ ተጽፎለት ሊሆን ይችላል። በቀሪዎቹ አሥር የትምህርት ዓይነቶች 70፣ 70 ቢያመጣ አማካዩ 58.33 ይወጣል። በሁለተኛው ሴሚስተር በሁሉም 70 ካመጣ ከ11 ነጥብ በላይ "ተሻሽሏል"፤ ልጁ ግን ባለበት ነው። ለዚህ ሽልማት የሚወዳደረው በሁለቱም ሴሚስተር ሙሉ ውጤት ያለው ብቻ ይሁን።

ከትምህርት ውጭ ያለውም ቢሆን መለኪያ ይኑረው። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ ስፖርት፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያግዙ ተማሪዎች፤ ለሁሉም የክበቡ ተጠሪ መምህር ከመዝገቡ ስንት ቀን እንደተገኙና ምን እንደሠሩ በሁለት መስመር ጽፎ ያቅርብ። "በጠባይ የተመሰገነ" የሚለውን ግን ብትተዉት ይሻላል። ጸጥ ያለ ልጅን ከመሸለም አልፎ ሲሄድ አይታይም።

የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት የስም ነው። ኃይሉ ነው ወይስ ሃይሉ? ፀሐይ፣ ጸሐይ ወይስ ፀሀይ? ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለመዝገብ ቤትና ለኋላ ሰነድ ግን አለው። ስሙ በላቲን ፊደልም የሚጻፍ ከሆነ፣ በተለይ ለ12ኛ ክፍል፣ ተማሪው ለብሔራዊ ፈተና የተመዘገበበት አጻጻፍ ይወሰድ። የክፍሉ የስም ዝርዝር፣ ወረቀቱ ከመታተሙ አሥር ቀን በፊት፣ ክፍል ውስጥ ይለጠፍና ባለቤቱ አርሞ ይፈርም። የመድረክ መሪውም ስሞቹን ከየክፍል ኃላፊው ጋር ቀድሞ ያንብብ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ በሌላ ቋንቋ የወጣ ስም ሲሆን ደግሞ አንባቢው ይበልጥ ይሳሳታል። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ የእርሳስ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ልጅ በዓመት አንዴ በማይክሮፎን ስሙ ሲጠራ፣ ተጣሞ ሊጠራ አይገባም።

ወረቀቱ ላይ "ባሳዩት ከፍተኛ ትጋት" ከሚል ቃላት ይልቅ ቁጥር ይስፈር፦ የትምህርት ዘመኑ፣ ክፍሉና ሰክሽኑ፣ "ከ62 ተማሪዎች 2ኛ"፣ አማካዩ። የውጭ ትምህርት ዕድል ለሚፈልግ ልጅ የዘመን አቆጣጠሩ በሁለቱም ቢጻፍ ይጠቅመዋል፤ የ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 2024/25 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ሌላ አገር ያለ ሰው በራሱ አያውቅም። የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትምረጡ፤ የማህተም ቀለም አይይዝም፣ ሲደራረብ ደግሞ ወደ ላይኛው ጀርባ ይተላለፋል። ማህተሙ የፊርማውን ጫፍ ነክቶ ይረፍ፣ ስሙን ግን አይሸፍን። ርዕሰ መምህሩ መቶ ወረቀት የሚፈርሙት በዋዜማው ምሽት ከሆነ አንዳንዱ ሳይፈረም መቅረቱ አይቀርም።

ስለ ሽልማቱ ዕቃ ብዙ አልልም። ደብተርና እስክሪብቶ ሁልጊዜ ይጠቅማል፤ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተርና መዝገበ ቃላት ከዚያ ይበልጣል። አጋዥ መጽሐፍ ከገዛችሁ ግን ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር መሄዱን ምዕራፍ ለምዕራፍ አስተያዩ፤ መደብሮች የድሮውን በቅናሽ የሚሸጡበት ምክንያት አላቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ግዢው በፕሮፎርማና በወተመህ (በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውሳኔ ስለሚያልፍ ግንቦት ሳያልቅ ጀምሩት። ሰኔ ውስጥ የተጀመረ ግዢ በበጀት መዝጊያ ግርግር ይዋጣል።

ቀኑን በተመለከተ ዋናው ጠላት ዝናቡ ነው። በአዲስ አበባና በመካከለኛው ደጋ በሰኔ ማብቂያ ደመናው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 2:30 ተጀምሮ 5:30 ላይ የሚያልቅ መርሐ ግብር ይያዝ። ድንኳንና ወንበር ከአካባቢው እድር መከራየት ከሌላው ሁሉ ይረክሳል፣ ግን የእድሩ ደንብ ለቅሶን ያስቀድማል፤ በዚያ ሌሊት ሰው ከሞተ ድንኳኑ አይመጣም። አዳራሽ ወይም ሰፊ ክፍል በተጠባባቂነት ይጠረግ። መብራት ቢጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ካለ፣ ነዳጁን አይቶ በዋዜማው አስነስቶ መሞከር ነው። ማይክሮፎኑ የሚያፏጨው ተናጋሪው ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ሲቆም ነው፤ ማጉያዎቹን ከመድረኩ ፊት አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ማዞር ብቻ ይበቃል።

ሰዓት የሚበላው ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ልጅን ከሕዝብ መሃል ጠርቶ መጠበቅም ነው። 24 ሰክሽን ያለው ትምህርት ቤት ከየሰክሽኑ ሦስት ቢሸልም 72፣ የተሻሻሉትና የክበባቱ ሲጨመሩ 100 ይደርሳል። ከመቀመጫው ተነስቶ እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ከፈጀ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ተሸላሚዎቹ በቅደም ተከተል ተሰልፈው ከመድረኩ ጎን ከቆሙ አንዱ 20 ሰከንድ ይበቃዋል፤ 33 ደቂቃ። ሰልፉ በቁጥር ይሁን፤ ወረቀቱ ያለበት ፖስታም ያንኑ ቁጥር ይያዝ። አንድ ልጅ ሲቀር የሰልፉ አስተባባሪ ፖስታውን ከቁልሉ እንዲያወጡ ለመድረኩ ምልክት ይስጥ፤ አለዚያ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ የሌላ ሰው ወረቀት ይዘው ፎቶ ይነሳሉ።

የክብር እንግዳው ይዘገያል። ይህን እንደ ዝናቡ ቁጠሩት። ከወተመህ ሰብሳቢ ወይም ከነባር መምህራን አንዱ ተለዋጭ ሆኖ ቀድሞ ይነገረው፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ሕዝብ አይቁም።

ካርድ መቼ ይሰጥ የሚለው ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። ካርዱ አስቀድሞ ከታደለ ልጁ ያልተሸለመ ወላጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ድንኳኑ ግማሽ ይሆናል። ከመርሐ ግብሩ በኋላ በየክፍሉ መስጠት ይሻላል፤ ወላጁም የክፍል ኃላፊውን አግኝቶ ይነጋገራል። በዚያውም ሰኔ 30 በትምህርት ቤት በር ላይ የዓመት ቂም የሚወራረድበት ቀን መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ካርዱን ወላጅ ይዞ፣ ልጁም ከጎኑ ሆኖ ሲወጣ ጠቡ ይቀንሳል። የወደቁትን ስም ግን በማይክሮፎን ማንበብ፣ የትም ይሁን የት፣ አይደረግ።

12ኛ ክፍልን ለብቻው ማሰብ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ከተጀመረ ወዲህ ብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ ውጤቱም የሚታወቀው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በሰኔ የሚደረገው የጋዋን፣ የመጽሔትና የፎቶ ዝግጅት ስንብት ነው፤ የውጤት በዓል ብሎ መጥራት ልጆቹንም ቤተሰቡንም ያሳስታል። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈታኞቹ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ጋዋን ከለበሱት አብዛኞቹ በመስከረም የሚያዩት ቁጥር ሌላ ነው። ለጋዋኑና ለመጽሔቱ የሚዋጣው ገንዘብም በዚህ መጠን ይታሰብ፤ መክፈል ያልቻለ ልጅ ከፎቶው እንዳይቀር ኮሚቴው መጀመሪያ ላይ ይወስን።

ውጤቱ ሲመጣ፣ አዲሱ ዓመት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ያለፉትን ጠርቶ ማቅረብ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ድንኳን አይፈልግም። የሚፈልገው ስልክ ቁጥራቸውን ነው፤ በሰኔ፣ ካርዱ ሲሰጥ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ካልተመዘገበ በመስከረም ማንም አያገኛቸውም።