እህሉስ እሺ፣ አገዳውስ?

ዛሬ ቆቦ ነበርኩ። ገበሬዎች ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የመጣ የማሽላ ዝርያ ማሳ ላይ ሊያዩ ተሰብስበዋል። ወጣቱ ተመራማሪ ስለ ምርቱ ሲያስረዳ አንድ አዛውንት አቋረጡት።

«ልጄ፣ እህሉስ እሺ። ላሜ ግን ምን ትብላ?»

ማሽላው ከትከሻቸው አይበልጥም። ነባሩ ዝርያ ጅጉርቲ ግን ሰው ይውጣል። አገዳው መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው።

አዲሱ ያጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆቦ ዝናብ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ቁመቱ ቢያጥርም ከድርቁ ያመልጣል። ደግሞ አቀንጭራ የምትባል ጥገኛ አረም አለች። አዛውንቱ ከጎረቤት ማሳ አንዷን ከነአፈሯ ነቅለው አሳዩኝ። ሐምራዊ አበባዋ ሲያዩት ያምራል። ሥሯ ግን የማሽላውን ሥር ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ገና ከመሬት ሳትወጣ ነው መምጠጥ የምትጀምረው። ዘሯ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና ይህችን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው።

እኔን ደስ ያለኝ የልጁ ነገር ነው። አልተከራከረም። ደብተሩን አውጥቶ «ስንት ከብት አለዎት አባ? አገዳው ስንት ወር ያቆይዎታል?» እያለ ይጽፍ ጀመር።

የዝርያ ጥሩነት በኩንታል ብቻ ሲወራ ይከፋኛል። እዚህ አገር ያለ በሬ የሚታረስ ማሳ ስንት ነው? አገዳውም ከምርቱ እኩል ይመዘን፤ ከመጀመሪያው፣ ገና ዝርያው ሲመረጥ።

አዛውንቱ እንደሆኑ ወስነዋል። ለከርሞ ግማሹን አዲሱን፣ ግማሹን ጅጉርቲ ይዘራሉ።