ከጅማ ወደ ሳዑዲ፦ ወረቀት የሚበላሸው ስምና ቀን ላይ ነው

ለሥራ ወደ ሳዑዲ ስትሄዱ የሥራ ፈቃዱን የምታወጡት እናንተ አይደላችሁም። እዚያ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ወረቀት የሚያወጣው አሠሪው ማለትም ካፊሉ ነው፤ ያውም እዚያ ከገባችሁ በኋላ፣ በ90 ቀን ውስጥ። «ኢቃማውን ከዚሁ አስጨርሼ እሰጣችኋለሁ፣ ቀብድ አምጡ» የሚል ደላላ ከመጣ ወሬው እዚያው ላይ ያብቃ።

ከጅማ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ኢቃማው የሚቀዳው ከፓስፖርቱ ነው፤ ፓስፖርቱ ደግሞ ከልደት ምስክር ወረቀቱና ከመታወቂያው። ስህተት ከሥር ከገባ እስከ ላይ ይከተላል።

እኛ አካባቢ ትልቁ ጣጣ ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። «ጫልቱ» በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ትጀምራለች፣ «ኤ»ዋም «ዩ»ዋም ይደረባል። በእንግሊዝኛው ልማድ ግን «ሲ» እና «ኤች» ትሆናለች። «ጠይባ» የባሰች ናት፦ ቁቤው በ«ኤክስ»፣ እንግሊዝኛው በ«ቲ»። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው። የትኛውም አጻጻፍ ጥፋት የለበትም፣ አንዱን መርጦ በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ማስጻፍ ነው። የአባትና የአያት ስምም እንደዚሁ። ጸሐፊው ፊት ቆማችሁ ከማኅተሙ በፊት አንብቡት።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። «ስምንት ደምር» የሚለው ልማድ ግማሽ እውነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው የሚደምረው ሰባት ነው። ኅዳር 12 ቀን 1994 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2001 ናት። ስምንት ከተደመረባት 2002 ትባላለች፣ ዓመት ይጎድልባታል። ዕድሜዋ 18 አካባቢ በሆነች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ብቻውን ጉዞውን ያስቀራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፦ መጀመሪያ ልደት፣ ከዚያ ፋይዳ (ዲጂታል መታወቂያው)፣ ከዚያ ፓስፖርት። ለፓስፖርት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለም፣ ጅማ ቅርንጫፍ አለ። ፓስፖርት ከወጣ በኋላ ስም ማስተካከል ግን እንደገና ወደ ልደቱ ይመልሳል።

የሙያ ብቃት ምዘናው (ሲኦሲው) ቀድሞ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የሕክምና ምርመራውን ግን አታስቀድሙት፤ ውጤቱ የሚያገለግልበት ጊዜ አጭር ነው። የሥራ ውሉና ቪዛው ሲጓተት ያልፍበትና ሁለተኛ ክፍያ ይመጣል።

ስለ ገንዘቡ፦ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ እነዚህ የአሠሪው ናቸው። ፓስፖርት፣ ሕክምና፣ ክትባት፣ የልደት ወረቀትና ሲኦሲ የሠራተኛው። ኤጀንሲው «የቲኬት ግማሽ» ካለ ደረሰኝ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረሰኝ የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋውን ያወርደዋል። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለውም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ይጣራል።

ውሉ በሚኒስቴሩ ካልጸደቀ የጉብኝት ቪዛ ይዞ መሄድ አማራጭ አይደለም፤ በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ስለሆነ ደመወዝ ቢቀርም ከሳሽ መሆን ይከብዳል። ውሉ ሲጸድቅ የአሠሪውን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ደመወዙን፣ የውሉን ዘመን ተመልከቱ። ከውሉ፣ ከፓስፖርቱና ከቪዛው አንድ አንድ ኮፒ እናት ዘንድ ይቀመጥ፤ ፎቶውም ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፣ ስልክ እዚያ ሲደረስ ሊወሰድ ይችላልና።