ፍሪሲዮኑ ምንም አልሆነም ነበር

ድሬ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው መካሪ አይቸግረውም። ከዚራ አንዱ «ወፍራም ዘይት አድርግላት» ይልሃል። መጋላ ሌላው «የናፍጣ መኪና ዘይት ይበቃታል» ይላል። «የዘይቱን ዕቃ ጀርባ አንብብ» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሞተሬ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት፤ አባቴ ነው የተወልኝ። ዘይት መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው። ትንሽ አሙቀህ ከታች ያለውን ብሎን ትፈታለህ። ታፈሳለህ፣ መልሰህ ታጠብቃለህ፣ አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ትጨምራለህ። መለኪያውን ስታይ ሳታሽከረክረው አስገብተህ አውጣው። አለቀ።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጩ ውፍረቱ 5ደብልዩ-30 የሚል፣ ቀጠን ያለ ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት አወጣልኝ። የአዲስ መኪና ዘይት ነው። ለሞተር ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አቦ፣ ለመኪና የሆነ ለሞተር ያንሳል እንዴ?» አለኝ። ውድ ስለነበር አመንኩት። በሽታዬ ይሄ ነው፤ ውድ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኛል።

ከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ነዳኋት። ድምጿ ለሰለሰ። ቤት ገብቼ ጉራዬን ነዛሁ። እሁድ ደግሞ ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ሐረር ሰርግ ለመሄድ ተነሳን።

ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የደንገጎን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። እኩሌታው ላይ ስደርስ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አልሰማም አለ። ማርሽ ቀነስኩ፤ ትንሽ ሄደችና ደገመችው። ወርጄ የፍሪሲዮኑን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል፣ ገመድ አየሁት፤ ልል ነው፣ ወጥሮ የያዘው ነገር የለም፤ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ምንም አላለችኝም። ሚኒባስ አስቁማ ሄደች። እኔ ስደርስ ምሳው አልቆ ነበር።

ማግስቱን መካኒክ ጋ ወሰድኳት። አንድ ዙር ነድቶ «ሸራው ተበልቷል» አለ፤ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ተፋትጎ የሚይዘውን ማለቱ ነው። የቀኙ ክዳን ሲከፈት የዘይቱ ማጣሪያ ውስጥ የአባቴ ዘመን ጭቃ ተጋግሮ ተቀምጧል። እሱን ማጠባችን ደግ ሆነ። ሸራዎቹም በአዲስ ተቀየሩ። ከዚያ መካኒኩ «ዘይቱስ?» ሲለኝ እኔው ነኝ «አዲስ ነው፣ ሳምንት እንኳን አልሠራም፣ መልሰው» ያልኩት። ይሄን ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

በአራተኛው ቀን አዲሱም ሸራ መንሸራተት ጀመረ። መካኒኩ አሁን ደግሞ «ሸራውን የሚጫነው ሞላ ደክሟል» አለኝ። ሊከፍት ብሎን ሲፈታ አንድ ባጃጅ ነጂ ባዶውን የዘይት ዕቃ አንስቶ ገለበጠው። «እኔ ይሄን ባጃጄ ውስጥ አላስገባም» አለ። ጀርባው ላይ ክብ ምልክት አለ። ከግርጌው በእንግሊዝኛ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ይላል። በቆዩት ዘይቶች ላይ «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» ነው የሚለው። ነዳጅ ይቆጥባል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል። እንደ እኔዋ ያለች ሞተር ላይ ግን ፍሪሲዮኑም ማርሹም እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። ነዳጅ የሚቆጥበው የመኪና ዘይት ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም አለው። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚይዘው በፍትጊያ ነው። ቅመሙ ሸራው ላይ ሲቀባ ዳገት ላይ ይለቅቅሃል።

አፍስሼ በሞተር ሳይክል ዘይት ሞላኋት። ጥቂት ቀን ነድቼ ያንንም አፈሰስኩ፣ ድጋሚ ሞላሁ። ከሁለተኛው በኋላ መንሸራተቱ ጠፋ። ሞላው ምንም አልነበረውም። የተጣሉትን አሮጌ ሸራዎች ለቅሜ ይዤ ነበርና ብየዳ ቤት ያለ ጓደኛዬ በካሊፐር ለካቸው። ከአዲሶቹ ያላቸው ልዩነት በፀጉር ነው። ያ ሁሉ ብር!

አሁን ስገዛ መጀመሪያ የምፈልገው «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ጽሑፍ ነው። የጃፓኖች ምልክት ነው፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ይሆናል ማለት ነው። «ኤምቢ» የሚለውን ተዉት፤ እሱ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። ቀጥሎ ክዳኑን አያለሁ፤ ቀለበቱ ከተቀደደ አልገዛም።

ውፍረቱ ላይ ከመመሪያው ጋር አልስማማም። መመሪያው 10ደብልዩ-40 ይላል፤ ሐረር ብኖር እሱኑ አደርግ ነበር። የድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ በአየር ብቻ ለምትቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር፣ እኔ ወፈር ያለውን 20ደብልዩ-50 ነው የማደርገው። ኤምኤ የሚል ካጣሁ የመጋላውን ሰው ምክር እሰማለሁ፤ 15ደብልዩ-40 የናፍጣ ዘይት ከዚያ ውድ ጉድ በስንት ጣዕሙ። በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። አበዛኸው የሚለኝ አለ፤ ይበለኝ፣ ከሸራ ዘይት ይረክሳል።

ደንገጎን አሁን ሰው ጭኜ እወጣዋለሁ። ባለቤቴ ግን ሐረር የምትሄደው እስካሁን በሚኒባስ ነው።